የዛጎል ሲሚንቶ፦ በባሕር ጠረፍ ውሃ ውስጥ ካርቦን ምን ይሠራል?

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል በሚገነቡት ሕንፃዎች ሥር ተደርድሮ የምናየው የሲሚንቶ ከረጢት መነሻው ባሕር ነው። ሲሚንቶ የሚሠራበት የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ዛሬ የአባይ ሸለቆ የምንለው አገር ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ባሕር የኖሩ እንስሳት ዛጎልና ቅርፊት፣ እንዲሁም ከውሃው የረጋ ደቃቅ የካርቦኔት ጭቃ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ድንጋይ ሆነ።

ፋብሪካው ይህን ድንጋይ ሲያቃጥለው ያ ባሕር ቆልፎበት የነበረው ካርቦን ይለቀቃል። 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ተቃጥሎ ሲያበቃ ምድጃው ውስጥ የሚቀረው 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አንድ የ50 ኪሎ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ) ሲሚንቶ ከረጢት ከድንጋዩ ብቻ 24 ኪሎ ገደማ ጋዝ ተለቅቆለት የመጣ ነው። ምድጃውን ለማጋል የነደደው ነዳጅ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ከሚኒባሱ፣ ከጄኔሬተሩና ከኃይል ማመንጫው የሚወጣውም ጋዝ መንገዱ ያው ነው፤ የሰው ልጅ በየዓመቱ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ ባሕር ይገባል። ሲሚንቶውን ያስቀደምነው ዑደቱን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ጥንት ባሕር ድንጋይ አድርጎ ያስቀመጠው ካርቦን ዛሬ ጋዝ ሆኖ ሲመለስበት፣ ድንጋይ የመሥራት አቅሙን ይቀንስበታል።

ስሙ ያሳስታል

«የባሕር አሲዳማነት» ሲባል ብዙ ሰው ባሕሩ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ይመስለዋል። አሲድነት የሚለካበት ፒኤች የሚባለው ሚዛን በ1909 ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ያወጣው ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ወደ 0 ይወርዳሉ፣ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። የሻላ ሐይቅ በተቃራኒው ወደ 10 ይጠጋል። የውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር፣ አሁን 8.1 አካባቢ ነው። ስለዚህ ባሕሩ አሁንም አልካሊ ነው፣ ወደፊትም አልካሊ ሆኖ ይቆያል። «አሲዳማ እየሆነ ነው» ሲባል የሚሄድበትን አቅጣጫ መናገር ነው፤ ከ40 ዲግሪ ወደ 35 የወረደ ሙቀት «ቀዘቀዘ» እንደሚባለው ማለት ነው።

ከ8.2 ወደ 8.1 መውረድ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሚዛን አንድ ቁጥር መውረድ የሃይድሮጅን አዮን፣ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ቅንጣት፣ አሥር እጥፍ መጨመር ነው። የ0.1 መውረድ ብቻውን 26 በመቶ ጭማሪ ነው።

ይህም ቢሆን ለዛጎል ሠሪ እንስሳ ዋናው ጉዳይ ፒኤቹ አይደለም። እንቁላል ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ቅርፊቱ ሲሟሟ የሚያሳየውን የትምህርት ቤት ሙከራ የማንወደው ለዚህ ነው። ኮምጣጤ ፒኤቹ 2 ተኩል ገደማ ነው፤ የትኛውም ባሕር እዚያ አይደርስም። ሙከራው የሚያስተምረው አሲድ ድንጋይ እንደሚበላ ነው፤ በባሕር ውስጥ ያለው ችግር ግን በአብዛኛው የመገንቢያው ዕቃ መመናመን ነው። ዕቃው ካርቦኔት ይባላል።

ሦስት መልክ ያለው ካርቦን

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕር ውስጥ ሲገባ እንደ ኦክስጅን ሟሙቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ አንድ ሃይድሮጅን አዮን ሲለቅ ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ሲለቅ ካርቦኔት ይሆናል። በባሕሩ ገጽ ካለው የሟሟ ካርቦን 90 በመቶው ባይካርቦኔት ነው፤ ቤታችን ያለው ቤኪንግ ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚሰጠው ያው አዮን ማለት ነው። ካርቦኔቱ 10 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ጋዝ የሚቀረው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሦስቱ ሁልጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉ፤ አንዱን ስትነኩት ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ።

አዲስ ጋዝ ሲገባ የሚለቀቀው ሃይድሮጅን አዮን ብቻውን አይቆይም። አብዛኛው ወዲያው ካርቦኔት ላይ ይለጠፍና ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። በአጭሩ፣ አንድ ጋዝና አንድ ካርቦኔት ገብተው ሁለት ባይካርቦኔት ይወጣል። ባሕሩ ጋዙን የሚያስተናግደው ካርቦኔቱን እየመነዘረ ነው። የፒኤቹ መውረድ አዝጋሚ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ካርቦኔቱ እየዋጠው ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የግድግዳ ኖራ አንድ ሊትር በሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ፤ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙና በደንብ ናጡት፤ ከዚያ እንዲረጋ አሳድሩት። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ኖራ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ከሥር ይዘቅጣል። ጠዋት ዝቃጩን ሳታናውጡ ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ብርጭቆ ቅዱ፤ ሦስት እጥፍ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት። አሁን ቀዝቃዛና ገና የተከፈተ አምቦ ውሃ በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማንኪያዎች በኋላ ብርጭቆው እንደ ወተት ይነጣል፤ ነጩ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የዛጎልና የሙገር ድንጋይ ዘመድ። እዚህ ላይ አታቁሙ። ብርጭቆው ሊሞላ እስኪደርስ አምቦውን ጨምሩበት፣ ቀስ ብላችሁ አማስሉት። ነጩ ይሳሳል፣ ቀጥሎም ውሃው ይጠራል። ካርቦኔቱ በትርፉ ጋዝ ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ ሟሟ። ባሕሩ ላይ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ደረጃ ነው።

ሙከራው ሊከሽፍ የሚችልባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ኖራው ለወራት በተከፈተ ከረጢት ተቀምጦ ከሆነ ከአየሩ ጋዝ ስቦ ራሱ ካርቦኔት ሆኗል፣ ውሃውም አይነጣም። አምቦው ሞቆ ወይም ጋዙ ወጥቶ ከሆነ ነጩ ይመጣል እንጂ አይጠራም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስ እዚህ ጋዙን ቶሎ ይለቃልና አትዘግዩ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ልጆች ካሉ መነጽር ይደረግ፣ ውሃውንም ማንም አይቅመሰው። የጠራውን ብርጭቆ በመጨረሻ ብታሞቁት ጋዙ ይወጣና ነጩ እንደገና ይመለሳል።

አሸዋ ሞልቶ ሲሚንቶ ሲጠፋ

ዛጎል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ካልሲየምና ካርቦኔት። ካልሲየም በባሕር ውስጥ ሞልቷል፤ በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ 10.3 ሚሊሞል ገደማ (ሞል የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው፤ ሚሊሞል ሺኛው፣ ማይክሮሞል ሚሊዮንኛው)። ካርቦኔቱ ግን በሞቃት ባሕር 0.2 ሚሊሞል ቢሆን ነው፣ ሃምሳ እጥፍ ያነሰ። አሸዋውና ጠጠሩ ግቢውን ሞልቶት ሲሚንቶ ያጣ ሕንፃ እንዴት እንደሚቆም የከተማችን ሰው ያውቀዋል። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው የጎደለው ዕቃ ነው።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት ቁጥር ኦሜጋ ይባላል። የካልሲየሙን መጠን በካርቦኔቱ መጠን ማባዛትና ማዕድኑ በሚሟሟበት ቋሚ ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ ውሃው ማዕድኑን አያሟሟም፤ ከ1 በታች ሲወርድ እርቃኑን የተጋለጠ ዛጎል መሟሟት ይጀምራል። ካልሲየም ካርቦኔት ዛጎል ላይ በሁለት ዓይነት ክሪስታል ይገኛል። ካልሳይት ለመሟሟት የሚከብደው ነው። ኮራልና የብዙ ዛጎል ለበስ እንስሳት እጭ የሚሠሩት ግን አራጎናይት የተባለውን ነው፤ አራጎናይት ከካልሳይት በ50 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

25 ዲግሪ ሙቀትና በኪሎ 35 ግራም ጨው ያለውን፣ አልካሊነቱ፣ ማለትም አሲድ የመዋጥ አቅሙ፣ በኪሎ 2,300 ማይክሮሞል የሆነ ውሃ ወስደን እናስላ። የከባቢ አየሩ ጋዝ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በነበረበት ልክ፣ ማለትም ከሚሊዮን 280 እጅ ሲሆን፣ ካርቦኔቱ 265 ማይክሮሞል ገደማ፣ የአራጎናይት ኦሜጋ 4.2 ይወጣል። ጋዙ ወደ 420 ከፍ ሲል፣ የአሁኑ ማለት ነው፣ ካርቦኔቱ ወደ 210 ኦሜጋውም ወደ 3.3 ይወርዳል። ጋዙ 560 ቢደርስ ካርቦኔቱ 170፣ ኦሜጋው 2.7 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከ280 ወደ 420 ጋዙ በ50 በመቶ ሲጨምር ጠቅላላው የሟሟ ካርቦን የጨመረው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቦኔቱ እየተመነዘረ በሄደ ቁጥር ባሕሩ ተጨማሪ ጋዝ የመቀበል አቅሙም ይደክማል።

«ኦሜጋው ገና ከ3 በላይ ከሆነ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እንስሳው ዛጎሉን የሚሠራው ውሃው ውስጥ በቀጥታ አይደለም፤ በሰውነቱ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍት ቦታ ሃይድሮጅን አዮኑን ወደ ውጭ እየገፋ ኦሜጋውን ከፍ ያደርጋል። መግፋቱ ጉልበት ይበላል። የውጭው ውሃ ኦሜጋ ሲወርድ ያው ዛጎል የሚያስወጣው ጉልበት ይጨምራል፤ ለዕድገትና ለመራባት የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ ጉዳቱ 1 ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም። በዋልታዎቹ አካባቢ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ስለሚያሟሟ ኦሜጋው ከመነሻውም ዝቅተኛ ነው፤ እዚያ ከ1 በታች የወረደ የገጽ ውሃ በየወቅቱ ተለክቷል።

ወደ እኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር በተቃራኒው ነው። ሙቅ ነው፣ ጨዋማነቱ በሰሜኑ ጫፍ በኪሎ ከ40 ግራም ይበልጣል፣ አልካሊነቱም ከውቅያኖሱ አማካይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ኦሜጋው በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። የቀይ ባሕር ወይም የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ነጥቶ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይታችሁ «አሲድ በላው» ብትሉ ትሳሳታላችሁ። መንጣት የሙቀት ሥራ ነው፤ ኮራሉ ውሃው ሲግል አብረውት የሚኖሩትን ደቃቅ ዋቅላሚዎች ያባርራል። የካርቦኔት ማነስ የሚታየው ቀስ ብሎ ነው፤ ከንጣቱ የዳነው ኮራል መልሶ የሚገነባበት ፍጥነት ሲቀንስ።

ጠረፍ ሲደረስ ሒሳቡ ይወሳሰባል

እስካሁን የነገርናችሁ ለሰፊው ውቅያኖስ ይሠራል። ከባሕሩ መሀል ወጥቶ ወደ ጠረፉ የቀረበ ሰው ግን በከባቢ አየሩ ቁጥር ብቻ ፒኤቹን መገመት አይችልም። ብዙ ዘገባ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ረጋ ብለን እናየዋለን።

መጀመሪያ የቀንና የሌሊቱ ነገር አለ። የባሕር ሣር በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ወሽመጥ ተክሉ ቀን ብርሃን ሲያገኝ ጋዙን ይመገባል፤ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ ጋዙም ይጠራቀማል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 8.4 የነበረ ፒኤች ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ 7.8 ሊደርስ ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚታየው መዋዠቅ ውቅያኖሱ በሁለት ምዕተ ዓመት ካሳየው ለውጥ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጀልባው በሚመቸው ሰዓት፣ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ፣ አሥር ዓመት ቢለካ የረፋዱን ታሪክ እንጂ የወሽመጡን ታሪክ አላገኘም። መዋዠቁ ስላለ «እንስሳቱ ለምደውታል» የሚለው ክርክርም ግማሽ እውነት ነው፤ አማካዩ ሲወርድ የሌሊቱ ጫፍ ከዚህ ቀደም ያልደረሰበት ይደርሳል።

ሁለተኛው ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በፀደይና በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ሲነፍስ የገጹን ውሃ ወደ መሀል ይገፋዋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ይወጣል። ይህ ውሃ ከአየር ጋር ከተለያየ አሥርተ ዓመታት አልፎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከላይ የሚዘንበው ሙት አካል ሲበሰብስ ጋዝ ሲያጠራቅም ቆይቷል፤ በዚያ ላይ ከአየር በተለያየበት ዘመን የነበረውን የሰው ሠራሽ ጋዝ ተሸክሟል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ዛሬ ጠረፉ ላይ የሚወጣው ውሃ ያነሰ ጋዝ በነበረበት ዘመን የሰመጠ ነው፤ በዛሬው አየር የሰመጠው ገና መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከየብስ የሚመጣው ነው። ወንዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የኖራ ድንጋይ አገር አቋርጦ የሚመጣ ወንዝ አልካሊነት ይዞ ይገባና ባሕሩን ያግዛል፤ ጠንካራ የግራናይት አገር ወይም የበረዶ ቅላጭ ያመጣው ውሃ ግን ካልሲየሙንም ካርቦኔቱንም ያቀጥነዋል። ከሁሉ የሚከፋው ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባው ነው። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ዋቅላሚውን ያፋፋዋል፤ ዋቅላሚው ሞቶ ወደ ሥር ሲወርድ ባክቴሪያ ያበሰብሰዋል። በተለመደው ስሌት 138 ሞለኪውል ኦክስጅን ሲበላ 106 ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። የሚሲሲፒ ወንዝ በሚገባበት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በየበጋው የሚታየው ኦክስጅን አልባ ውሃ በዚያው ልክ ካርቦኔቱም የተመናመነ ነው። ሁለቱ ጉዳቶች አይደመሩም፣ ይባዛሉ ማለት ይቀላል፤ የአየሩ ጋዝ አስቀድሞ ካርቦኔቱን ስለመነዘረው ያው ብስባሽ ዛሬ ፒኤቹን ከድሮው ይበልጥ ያወርደዋል።

በነገራችን ላይ የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ቆሻሻ ባሕር አይደርስም። በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ጭሳችን ግን ይደርሳል። አራት ኪሎ መብራት ላይ የተለቀቀ ጋዝ በወራት ውስጥ ሰሜኑን የምድር ክፍል ይዳረሳል፤ በአንድ ዓመት ገደማ ደቡቡንም።

አንድ የእጭ ማራቢያ የተማረው

በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ ኦሬጎን ግዛት፣ ኔታርትስ በተባለው ወሽመጥ ዳር ባለ የኦይስተር እጭ ማራቢያ ውስጥ እጮቹ በገፍ አለቁ። ኦይስተር ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ለበስ እንስሳ ነው፤ እጩ የአቧራ ቅንጣት ታክላለች። መጀመሪያ የተጠረጠረው በሽታ ነበር። በኋላ ውሃው ሲለካ ግን ሞቱ ከጥልቁ ውሃ መውጣት ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። እጩ የመጀመሪያዋን ዛጎል የምትሠራው በሁለት ቀን ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ገና መመገብ ስላልጀመረች ያላት ስንቅ የእንቁላሉ ብቻ ነው። ኦሜጋው ዝቅ ሲል ስንቁ ዛጎሉ ሳያልቅ ያልቃል። ትልቁ ኦይስተር በዚያው ውሃ ሳይሞት መቆየቱ ብዙ ሰው ያሳሳተው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው ሰዓት መምረጥ ነው፤ ውሃውን ጠዋት ከመሳብ፣ የባሕር ሣሩ ጋዙን በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ወደ ማታ መሳብ። ሁለተኛው ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ መጨመር ነው። ይህ ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ የኖረው ያው ነጭ ዱቄት ነው። ለ1,000 ሊትር የባሕር ውሃ 11 ግራም ሶዳ አሽ በኪሎ 100 ማይክሮሞል ገደማ ካርቦኔት ይጨምራል፤ ከፊሉ ውሃው ውስጥ ባለው ነፃ ጋዝ ይበላል፣ ስለዚህ ከጨመሩ በኋላ እንደገና መለካት ግድ ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ መበተን ትልቁ ስሕተት ነው። በወደቀበት ቦታ ፒኤቹ ይተኮስና ውሃው እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ የጨመርነው ካርቦኔት ከካልሲየሙ ጋር ረግቶ ከሥር ይዘቅጣል፣ አልካሊነቱንም ይዞት ይሄዳል። አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ማሟሟትና በሚፈሰው ውሃ ላይ በጠብታ ማስገባት ነው ደንቡ።

መለካት፦ የት ላይ ይበላሻል?

አራት ነገር ይለካል፤ ፒኤች፣ አልካሊነት፣ ጠቅላላ የሟሟ ካርቦንና የጋዙ ግፊት። ከአራቱ ሁለቱ በትክክል ከታወቁ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱም ካሉ፣ ሌላው ሁሉ በስሌት ይገኛል። ከሁለቱ አንዱ አልካሊነት ወይም ጠቅላላ ካርቦን ቢሆን እንመክራለን፤ ፒኤችና የጋዙ ግፊት አብረው የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ ሁለቱ ብቻ ሲጣመሩ ትንሽ ስሕተት በስሌቱ ይጎላል።

በእጅ የሚያዝ ርካሽ የፒኤች መለኪያ ስሕተቱ 0.1 ገደማ ነው። ይህ ውቅያኖሱ ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ ካሳየው ለውጥ ጋር እኩል ነው። የረጅም ጊዜ ለውጥ ለመከታተል የሚፈለገው 0.003 ነው፤ የቀንና የወቅቱን መዋዠቅ ለማየት 0.02 ይበቃል። ብልቃጡ ላይ 4፣ 7 እና 10 ተብሎ የሚሸጠው መለኪያ ፈሳሽ ለጨዋማ ውሃ አይሆንም፣ ለኤሌክትሮዱ (ውሃው ውስጥ ለሚነከረው የመለኪያው ጫፍ) የባሕሩ ጨው እንግዳ ነውና። በሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የተዘጋጀ ትሪስ የተባለ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ሜታ ክሬሶል ፐርፕል የተባለ ቀለም ጨምሮ ቀለሙን ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለ የብርሃን መለኪያ ማንበብ ነው።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይደርስ የሚበላሽበት ጊዜ ይበዛል። ጠርሙሱ መስታወት ይሁን፤ ፕላስቲክ ጋዝ ያስተላልፋል። ቱቦውን ከሥር አስገብታችሁ ያለ አረፋ ሙሉት፣ ሞልቶ ይፍሰስ። ከዚያ ለሙቀት መስፋፊያ 1 በመቶ ያህል ክፍት ቦታ ተዉ፤ ለ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ውስጡ ያሉት ደቃቅ ሕያዋን መተንፈሳቸውን እንዲያቆሙ የሜርኩሪ ክሎራይድ ከዚያ በላይ እስከማይሟሟ ድረስ ከተሟሟበት ውሃ 0.1 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል። ይህ ኃይለኛ መርዝ ነው፤ ጓንት ይደረግ፣ ትርፉም ወደ ፍሳሽ አይደፋ። ሙቀቱን መጻፍ የረሳ ሰው ፒኤቹን አልለካም፤ ያው ውሃ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፒኤቹ በ0.15 ገደማ ይወርዳል።

ለአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። በአየራችን ያለው የጋዝ ድርሻ እንደማንኛውም ቦታ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ሦስት አራተኛ ስለሆነ ጋዙ ውሃ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ባሕር ጠለል ላይ 315 ቢሆን ከሚያሳርፈው ጋር እኩል ነው። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የአየሩ ጋዝ ተከታታይ ልኬት በተጀመረበት በ1958 የነበረው ቁጥር እሱው ገደማ ነው። የባሕር ውሃ ከጅቡቲ አምጥታችሁ አራት ኪሎ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ብታሳድሩት፣ ወይም በዓሣ ማጠራቀሚያ አየር መንፊያ አየር ብትነፉበት፣ ጋዙ ይወጣና ፒኤቹ በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። የስልሳና የሰባ ዓመት አሲዳማነት በአንድ ሌሊት የተነነ ይመስላል። ለሙከራ አየር የሚነፋ ተማሪ የጋዙን ድርሻ በአካባቢው ግፊት ማባዛት አለበት፤ የዛሬውን የጅቡቲ ጠረፍ እዚህ ለመምሰል ከሚሊዮን 560 እጅ ገደማ ያለው አየር ያስፈልገዋል።

ሶዳ አሹ ለወሽመጥ ይበቃል?

የፍሳሹ ነገር በአካባቢው ሰው እጅ ነው። ወደ ወሽመጥ የሚገባውን ፍሳሽ ያጣራ ከተማ የብስባሹን ድርሻ ይቀንሳል፤ ውጤቱም በዓመታት ውስጥ ይታያል። የባሕር ሣር መልሶ መትከልም ቢያንስ ለቀኑ ሰዓት ያግዛል። የአየሩን ጋዝ ድርሻ ግን ገንዳ ውስጥ በሚጨመር ዱቄት መመለስ አይቻልም። 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባይካርቦኔት አድርጎ ለመያዝ 106 ኪሎ ሶዳ አሽ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው የአንድ ሲሚንቶ ከረጢት 24 ኪሎ ጋዝ 58 ኪሎ ገደማ ሶዳ አሽ ይፈልጋል፣ ከከረጢቱ ራሱ ይከብዳል ማለት ነው። ያንን ሶዳ አሽ ትሮና ከተባለው ማዕድን ለማውጣት ደግሞ ማዕድኑን ማሞቅ ግድ ነው፤ ለየሦስቱ ሞለኪውል ሶዳ አሽ አንድ ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ይለቀቃል።